እስከ ጠዋት ካልተቃወመች

ሰኞ፣ 4

ካርዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰልኝ። አዘጋጁ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «መስማማት»። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፤ ልክ እኔ ድሮ የሱን ደብተር ሳርም እንደማሰምረው። ማስመሩን ከኔ ተማረ። ማሰቡን ከማን ይማር?

ነገሩን በሥርዓት ላስፍረው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ለአንድ አሳታሚ፣ በደብዳቤና በመዝገብ ላይ የሚያጋጥሙ ስድስት መቶ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ግሶችን በአማርኛ እፈታለሁ። ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ካርድ አለው። ትርጉሙ፣ ምንጩ፣ አጠቃቀሙና አንድ ምሳሌ ይሰፍርበታል። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሃምሳ በዚህ ወር መጨረሻ ማተሚያ ቤት መግባት አለባቸው። አዘጋጁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ያኔም ፈተና ሳይጨርስ ወረቀት የሚያስረክብ ልጅ ነበር።

ያስቸገረኝ ግስ አክዊየስ ይባላል። መስማማት አይደለም። የሚስማማ ሰው ልቡም አብሮ ይስማማል። አክዊየስ የሚያደርግ ሰው ግን ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፣ ነገሩም አለፈ። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ሦስት ካርድ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ተመለሱ።

ባለቤቴ «ዝለለውና እለፍ፣ መምህር» አለችኝ። ጥያቄ የሚዘል ተማሪ ስቀጣ ኖሬ እኔው ልዝለል?

ሐሙስ፣ 7

የምንጩን ክፍል ዛሬ ጨረስኩ። ግሱ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከአራት መቶ ዓመት ግድም በፊት ነው። ሁለት ቁራጭ አለው፦ አንዱ «ወደ» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «ማረፍ፣ ጸጥ ማለት»። እንግሊዞች ጸጥታን የሚጠሩበት ቃልም የቅርብ ዘመዱ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ሲታይ ግሱ ስለ እሺታ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ማረፍ ነው፤ ሰው መከራከሩን ትቶ ሲያርፍ። ጥሩ ግኝት ነው። አዘጋጁ ይህንንም «ረዘመ» ብሎ እንደሚሰርዘው አውቃለሁ።

የአሠራራችንን ነገርም ልጻፍ፤ በኋላ የተጠየቅሁ እንደሆነ ይጠቅመኛል። ባለቤቴ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነበረች። ፈተና ሁሉ በሷ እጅ ይተየብ ነበር። ማታ ወረቀቱን እሰጣታለሁ፤ እስከ ጠዋት ካልተቃወመች አለፈ ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። ለካርዶቹም ያንኑ ሥርዓት ይዘናል። እራት በልተን ካርዶቹን እሰጣታለሁ። ቅር ያላት ነገር ካለ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፤ ከሌለ በስተቀኝ ራስጌው ላይ የራይት ምልክት ታደርጋለች። አርባ ዓመት በዚህ ኖረናል፤ የቤቱንም ነገር ጭምር።

ሌላ ጉዳይ። ባለፈው ሳምንት በጡረተኞች ማኅበር አንዲት ነርስ የሁላችንንም ዓይን ለክታ ነበር። የኔ ደህና ነው። የባለቤቴ የግራ ዓይን ግፊቱ ከፍ ብሏል ተባለና ለማክሰኞ 12 ከስፔሻሊስት ጋር ቀጠሮ ተያዘላት። ማክሰኞ 12 አርባ ካርድ የማስረክብበት ቀን ነው። ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ሰማች፣ ምንም አላለችም። ደውዬ ወደ 25 አዛወርኩት።

ቅዳሜ፣ 9

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ ነበር። ለምሳሌ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ነገር ባገኝ ብዬ ግሱን አስረዳሁት። መቀሱን ሳያቆም፦

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው ጋሼ። ሰውየውን ቆርጬ እጨርስና መስታወት ከኋላው እይዝለታለሁ። አበላሽቼዋለሁ፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ‹እንዴት ነው?› እለዋለሁ። ‹ጥሩ ነው› ይለኛል።»

«እና?»

«እናማ ተመልሶ አይመጣም።»

ወንበር ላይ የተደረደሩት ሁሉ ሳቁ። አንዱ «አንተ ግን ‹ጥሩ ነው› ያለህን ሁሉ ደንበኛ ብለህ ትቆጥራለህ» አለው። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላልቅስ?» አለ።

ለካርድ አይሆንም። ግለሰቡ «ጥሩ ነው» ብሎ ተናግሯል፤ የኔ ግስ ደግሞ ዝምታን ይፈልጋል። ያም ሆነ ይህ ከኋላ በኩል ትንሽ አበላሽቶኛል። ምንም አላልኩትም።

ማክሰኞ፣ 12

አርባ አስረከብኩ። አክዊየስ አራተኛ ጊዜ ገባ። «ሳይወዱ በግድ መቀበል» ብዬው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ስህተቱ ታየኝ። ግድ የለበትም። ማንም እጁን አልጠመዘዘውም። ተመልሼ ላወጣው ስል አዘጋጁ ቆልፎ ወጥቷል። ዝናብ። ጃንጥላዬን እዚያው ረሳሁ።

ዓርብ፣ 15

ባለቤቴ ከትናንት ወዲያ መብራቱ ደክሟል አለችኝ። የሳሎኑን አምፖል በትልቁ ቀየርኩት። በማግስቱም ደክሟል አለች። ሰው ዓይኑ ሲያረጅ መነጽር ይቀይራል እንጂ አምፖል ስንት ጊዜ ይቀየራል? ከዚያ ደግሞ ሌላ አመጣች።

«ካርዶቹን አንተ ብታነብልኝስ? እየሰማሁ እነግርሃለሁ።»

«ጆሮ ነጠላ ሰረዝ አይለቅምም» አልኳት። እውነት ነው። ለተማሪም ያልኩት ይህንኑ ነው።

«እሺ» አለች።

ዛሬ ደግሞ ሻይ ስትቀዳልኝ ከስኒው አልፋ ሰሃኑ ላይ አፈሰሰችው። ትናንት በግራ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመች። በዚህ ዕድሜ መጣደፍ ምን ይባላል። ነግሬያታለሁ።

እሑድ፣ 17

ልጃችን ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬን ዓይኗን አሳየሃት?»

«ወደ 25 ተዛውሯል።»

«ማን አዛወረው?»

«ተነጋግረን ነው።»

«ተነጋግራችሁ ነው ወይስ ተናግረህ?»

ልጅቷ ከናቷ ሆድ ስትወጣ ጀምሮ መልስ አታጣም። «እናትሽ አልተቃወመችም» አልኳት። «እማዬን አቅርብልኝ» አለች። ሁለቱ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ አወሩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባለቤቴ «ተይው፣ ይጨርስ። ከጀመረ ሌላ ነገር አይሰማም» ስትል ሰማሁ።

በትክክል ተረድታኛለች። ሥራ ሲጀመር መጨረስ አለበት።

ረቡዕ፣ 20

ለአጠቃቀሙ ክፍል የቆዩ ጋዜጦችንና የፍርድ ቤት ዜናዎችን ስገለብጥ ሰነበትኩ። አክዊየስ የገባባቸው አርባ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ለቀምኩና በሠንጠረዥ አሰፈርኳቸው። የማይረባ መስሎኝ በመጨረሻ የጨመርኩት ዓምድ «ተናጋሪው ማን ነው?» የሚል ነበር። ውጤቱ አስገረመኝ። ሰው ስለ ራሱ «አክዊየስ አድርጌያለሁ» ያለው በሦስቱ ብቻ ነው። በሠላሳ ስምንቱ ሌላ ሰው ነው ስለ ዝምተኛው የሚናገርለት። ሠራተኞቹ አክዊየስ አደረጉ ይላል ሥራ አስኪያጁ። ነዋሪዎቹ አክዊየስ አደረጉ ይላል ሜዳውን ያጠረው ሰው። ዝም ያለው ራሱ ምን እንዳለ የሚጽፍ የለም።

በማስታወሻ መልክ ካርዱ ላይ ጨመርኩት፦ «ብዙውን ጊዜ ግሱን የሚጠቀምበት በሌላው ዝምታ የተጠቀመው ወገን ነው።» ለባለቤቴም በቃል ነገርኳት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ይህን ለማወቅ አርባ አንድ ጋዜጣ አስፈለገህ?» አለችኝ።

አንድ ጥሩ ነገር ልመዝግብ። በጣም ፈጥናለች። ድሮ ሃያ ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባት ነበር፤ አሁን በሩብ ሰዓት ትጨርሳለች። አንድም ተቃውሞ የለም። ጽሑፌ እየጠራ ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ 21

አዘጋጁ ጃንጥላዬን ይዞ ቤት መጣ። አራተኛውን ካርድ አብሮ መልሷል።

«ጋሼ፣ ሰው ቃል የሚፈልገው ሊጠቀምበት ነው። እርስዎ ግማሽ ገጽ ጻፉልኝ።»

«‹መስማማት› ካልክ ሰውን አሳሳትክ።»

«ጋሼ፣ ካልተቃወመ ተስማማ ነው። ስብሰባ ላይ እንዴት ነው የምናደርገው? ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል።»

«ስብሰባ ላይ የሚደረገው ሁሉ ልክ ነው?»

«ልክ ባይሆንም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እትዬ ደህና ናቸው? ስገባ እጄን ዘረጋሁላቸው፣ አላዩኝም። በግራ በኩል ነበርኩ።»

ሐሳቧ ሌላ ጋ ሆኖ ነው አልኩት። ቤቴ ድረስ መጥቶ ካርዴን መመለሱ አንሶ የሚስቴን ሰላምታ ያርማል።

ሰኞ፣ 25

ቀጠሮው ዛሬ ነበር። መቶ ሃምሳው ለቅዳሜ መድረስ አለበት፤ ገና ሠላሳ አራት ይቀራል፤ ሐኪም ቤት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይውጣል። ጠዋት ኮቷን ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት። «አምስት ቀን ብቻ ናት የቀረችኝ» አልኳት። ኮቷን አውልቃ ሰቀለች። ደወልኩ። ቀጣዩ ክፍት ቦታ በሚቀጥለው ወር 9 ነው።

ኮቷን ስትሰቅል መስቀያውን ስታ መሬት ጣለችው፤ አንስቼ ሰቀልኩላት።

ረቡዕ፣ 27

ይህን በንዴት ነው የምጽፈው።

ትናንት ከሰጠኋት ካርዶች መካከል ሦስት ባዶ ካርዶች ተጣብቀው ገብተው ኖሯል። ምንም ያልተጻፈባቸው፣ ከፓኬታቸው የወጡ ነጭ ካርዶች። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር አገኘኋቸው። በሦስቱም ላይ፣ በስተቀኝ ራስጌው፣ የራይት ምልክት አለ።

ስለዚህ አታነብም። ለስንት ጊዜ ነው ሳታነብ የኖረችው? አርባ ዓመት ያመንኩት እጅ ባዶ ወረቀት ያሳልፋል? ፈጥናለች ብዬ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። በራሴ አፈርኩ። እኔ ግን ሳላረጋግጥ አልከስም። መምህር በአንድ ማስረጃ ተማሪ አይጥልም።

ሐሙስ፣ 28

ወጥመድ አዘጋጀሁ። ከሃያው ካርድ መካከል አንዱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «አክዊየስ፤ በታላቅ ጩኸት መቃወም። ምሳሌ፦ በሬው አክዊየስ አድርጎ ጣሪያው ላይ ወጣ።» ባለቤቴ ይህን አንብባ ካልሳቀችብኝ ወይ ካልሰደበችኝ አላነበበችም ማለት ነው።

ሰጠኋት። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ከጎን አየኋት። ካርዱን ወደ አምፖሉ ታስጠጋለች። አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች። በአውራ ጣቷ የካርዱን ጫፍ ዳብሳ ታገኝና እዚያ ላይ ምልክቷን ታኖራለች። ሃያውንም እንደዚያው አደረገች። በሬውንም።

ዓርብ፣ 29

ጠዋት በሬውን ይዤ ፊቷ ቆምኩ። የጻፍኩትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ አርባ ዓመት እምነት። ጣሪያው ጋ ስደርስ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አላየሁትም» አለች።

«አላነበብሽውም በይ።»

«አላየሁትም አልኩህ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። በግራ በኩል ምንም የለም፤ ፊት ለፊቴም ፊደሉ ጭስ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መብራቱ ደከመ አልኩህ። አንብብልኝ አልኩህ። ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩልህ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ፣ ጣሪያ ላይ ልውጣ?»

«ተቃውሜአለሁ ማለት ትችይ ነበር።»

«ለማን?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ መልስ እንዳለው ጥያቄ ጠበቀችኝ።

ታዲያ ምልክቱን ለምን ታደርጊ ነበር አልኳት። «ቶሎ እንዲያልቅልህ። ሲያልቅ ታየኛለህ ብዬ» አለች።

ቅዳሜ፣ 30

ማስረከቢያው ቀን። አላስረከብኩም። ያለ ቀጠሮ ሐኪም ቤት ሄድን። ቅዳሜ የዓይን ክፍል ዝግ ነው አሉን። ዘበኛውን ለመንኩት፤ «አባት፣ ቀጠሮ ቢኖርዎት ኖሮ» አለኝ።

ሰኞ፣ 2

ከንጋቱ ጀምሮ ተሰለፍን። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ባለቤቴን በመሣሪያው ውስጥ ብልጭ የሚሉ ነጥቦችን እያሳየች፣ ነጥብ ባየች ቁጥር ቁልፍ እንድትጫን ነገረቻት። በግራ በኩል ብዙ ነጥብ አለፈ፤ ቁልፉ ዝም። እኔ ከኋላ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ስንት ጊዜ «አሁን፣ አሁን» ልላት ፈለግሁ።

«በግራው ዓይን የጠፋው አይመለስም፣ እማማ» አለቻት። «የቀረውንና የቀኙን ግን ማዳን ይቻላል። ጠብታ አሁኑኑ ይጀመራል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ትልቁ ሆስፒታል ነው የሚደረገው። ምርመራው ከአንድ ወር በፊት ነበር የሚለው ወረቀቱ። ለምን ቆዩ?»

ባለቤቴ ወደኔ አልዞረችም። «ሥራ ነበረብን» አለች።

ሥራ ነበረብኝ ማለት ነበረባት። አላረምኳትም። ሐኪሟ ስትጽፍ እስክሪብቶዋን አየሁ እንጂ ማንንም አላየሁም። ሁለት ስልክ ነው የደወልኩት። ሁለቱንም ጊዜ ከአፌ የወጣው «ተነጋግረናል» የሚል ነበር። ይህን እዚህ ጻፍኩት፤ ሌላ የት እጽፈዋለሁ?

ሐሙስ፣ 5

አዘጋጁ ሦስት ጊዜ ደወለ። በአራተኛው አነሳሁ።

«ጋሼ፣ ማተሚያ ቤቱ ተራችንን ለሌላ ሊሰጥ ነው። ‹መስማማት› ብዬ ላሳልፈው። ተቃውሞ አለዎት?»

«አለኝ» አልኩት።

«እሺ፣ ምን ይባል?»

«ሐሳብን ሳይለውጡ ተቃውሞን መተው በል። ከሥሩ ደግሞ፦ ዝም ያለውን ሰው ሳይጠይቁ ስለ ሰው በዚህ ግስ መናገር አይገባም።»

«ይሄ ትርጉም ነው ወይስ ምክር?»

«አጠቃቀም ነው። ካልፈለግከው ካርዱን ሙሉ በሙሉ አውጣው። መቶ አርባ ዘጠኝ ይሁን። ቀሪዎቹም በባለቤቴ እጅ ያለፉት ካርዶች እንደገና መታየት አለባቸው። ሳይነበቡ ነው ያለፉት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ «እትዬ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ስለ ማተሚያ ቤቱ ሌላ አላነሳም። አሁን ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ መልሼ ደውዬ ልጠይቀው ይገባል። ነገ።

እሑድ፣ 8

ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ነው። ሰዓቱን በወረቀት ሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የመጀመሪያው ጉንጯ ላይ ይወርዳል። «ፈተና ስታርም እንዲህ አልነበርክም» ትለኛለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ጠብታው እንዲሰርጽ ዓይኗን ጨፍና ጋደም እንዳለች፦ «እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለች። እህቷ ትልቁ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ትኖራለች። ቀዶ ሕክምናው፣ ክትትሉ፣ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል።

«አብረን እንሄዳለን።»

«ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ጠብታውን ማን ያደርግልሻል?»

«እህቴ እጇ አይንቀጠቀጥም።» ቀጠለች፦ «ሦስት ወር ማንም ምንም ሳያስነብበኝ፣ ምንም ሳይሰጠኝ ልቀመጥ። ለልጅቷ ነግሬአታለሁ። ትኬቱንም እሷ ቆርጣዋለች።»

ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። ተነስቼ የጠብታውን ክዳን ፈለግሁ። እጄ ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ 10

ሻንጣ። የታጠፈ ኮት። ያለሷ መሄዷን የሚቃወሙ አራት ነጥቦች በወረቀት ጻፍኩ፤ «ያለኔ» ማለቴ ነው። ሦስተኛው ደካማ ነው። ሁለተኛው ስለኔ እንጂ ስለሷ አይደለም። አንደኛውም።

ረቡዕ፣ 11

በጠዋት መናኸሪያ ደረስን። በግራዋ ሄድኩ፤ ሰው እንዳይገፋት። ሻንጣውን ረዳቱ ጣሪያው ላይ ጫነው። «አባባ፣ እርስዎም ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት።

ነጥቦቹ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። አላወጣኋቸውም። ምን መብት አለኝ ብዬ ነው። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ባለቤቴ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳደረገች ቆመችና ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዙራ በሚያየው ዓይኗ ፈለገችኝ።

«ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ነኝ የጠየቅሁህ።»

ረዳቱ «እማማ ይግቡ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ። አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ ጠበቀች። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ መልስ ጠብቄያት እንደማላውቅ ያኔ ቆሜ አሰብኩ።

«እንድትሄጂ አልፈልግም» አልኩ። ድምፄ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ጮክ ማለት ነበረብኝ፤ ሰዉ ሁሉ ሰማ። «ቤቱ ያስፈራኛል። ካንቺ ጋር መምጣት እፈልጋለሁ።»

«ጥሩ» አለች። «አሁን ሰማሁህ።»

ደረጃውን በእጇ እየዳበሰች ወጣች። በመስኮት በኩል ሳያት ገና ወንበር እየፈለገች ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋና አውቶቡሱ ሄደ።